የኦይዲን ዳቦ

ሶይቦይ፣ ፈርጋና ሸለቆ
ሴፕቴምበር 14፣ 1983

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለኦይዲን፣

ትናንት ሻይ ቤት ተቀምጬ አባትሽ ለፀጉር አስተካካዩ «ልጄ ዘንድሮ ኬሚስትሪን ትጨርሰዋለች» ሲለው ሰማሁ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከአገጩ ላይ አንሥቶ «ሙሉውን?» አለ። «ሙሉውን፤ እስከ ጁን» አለ አባትሽ። የአጎቴን ቃል ተጠራጥሬ ስለማላውቅ፣ ኬሚስትሪ ሳያልቅ የምጠይቅሽን ልጠይቅሽ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ሰላምታዬን አስቀደምኩ ማለት አልችልም፤ ይኸው አሁን ደረሰ። ጤናሽ እንደ ምንጭ የጠራ ይሁን፣ የሳይቤሪያ ብርድ ደጅሽ ደርሶ ይመለስ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል፤ የሚያመው ግን ጭቃ የምንረግጥ ቀን ብቻ ነው። እናትሽ ደህና ናት። ዳቦሽም ደህና ነው።

ስትሄጂ አንዴ ነክሰሽ የተውሽው ዳቦ ከሣጥኑ በላይ ካለው ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ተመልሰሽ ቀሪውን እስክትበዪው ማን ይነካዋል? እናትሽ ዓርብ ዓርብ በላባ አቧራውን ታራግፍለታለች። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ዳቦውን ታሳያለች፣ ከዚያ «ተቀመጡ» ትላለች። እኔ በዚህ ቤት ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እስካሁን ያራገፈኝ የለም።

አባትሽ በጸደይ አንድ የሸክላ ሳህን ብቻዬን ሠርቼ፣ ብቻዬን ሰማያዊውን ቅብ ቀብቼ፣ ከእሳት እንዳወጣ ነግሮኛል። ሳህኑ ካማረ በሽማግሌዎች ፊት መቀነት ያስታጥቀኛል፤ ከዚያ በኋላ እኔም እንደ እሱ ኡስታ፣ የሙያው ባለቤት፣ ነኝ። እንደምታውቂው ይህ ለእኔ ቀላል ነገር ነው።

አሁን ጥያቄዬ፦ ሰማያዊው ቅብ አንዳንዴ ለምን ወደ አረንጓዴ ይሄዳል? ለራሴ አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው ጠይቆኝ ነው። ደግሞ እዚያ የጠጉር ባርኔጣ ርካሽ ነው ይላሉ።

የአክስትሽ ልጅ ሱናት

---

ቶምስክ
ኦክቶበር 9፣ 1983

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ሱናት አካ፣

እጅዎ ከጭቃ፣ ምድጃዎ ከእሳት አይለይ። አባቴንና እናቴን በእኔ ቦታ ይሳሙልኝ። በእኔ ቦታ መሆንን ለምደውታል።

መልሴ የዘገየው ዩኒቨርሲቲው አንድ ወር ሙሉ ድንች ስላስቆፈረን ነው። ባለፈው ሳምንት ተመልሰን ገና ጥፍራችንን ሳናጠራ ስለ ኤሌክትሮኖች ሞገድነት ንግግር አዳመጥን። ለፀጉር አስተካካዩ ይንገሩልኝ፤ በጁን ኬሚስትሪ አያልቅም። የምታልቀው እኔ ነኝ። አንድ መሣሪያ ለመንካት በስም ዝርዝር ሁለት ሳምንት እንጠብቃለን፤ ተራችን ሲደርስ መሣሪያው ይበላሻል፤ ሲጠገን ተራው የሌላ ሰው ነው።

የዚያ «የሚያውቁት ሰው» ጥያቄ መልስ ይኸው። መዳብ ከአመድ ጋር ሲቀልጥ ሰማያዊ ይሰጣል፣ ከእርሳስ ጋር ሲቀልጥ አረንጓዴ። ስለዚህ ሰውዬው የፋብሪካ ቅብ በድብቅ ገዝቶ እየሞከረ ነው ማለት ነው። አባቴ ቢሰማ ይህ ሰው ምን እንደሚሆን አላውቅም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ እኛው ቅብ ነው። አማካሪዬ ቬራ ኢግናትየቭና ርእሱን የተቀበለችው ምስጢሩ ቤታችን ውስጥ ነው ስላልኳት ነው። አልዋሸሁም፤ ቤታችን ውስጥ ነው። እኔ ጋ ግን አይደለም። በአሥራ አምስት ዓመቴ ቅቡ በሚሠራበት ቀን ልግባ ብዬ አባቴን ብለምነው፣ አቧራው ለሴት ልጅ ሳንባ አይስማማም ብሎ በሩን ዘጋው። በዚያው ዓመት እርስዎ ከኮካንድ አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ፤ በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተልዎ። ቅር አላለኝም። ኬሚስትሪ የመረጥኩት ቅር ስላላለኝ ነው።

እንግዲህ የእጅ ጭብጥ የሚያህል የበረሃ ቁጥቋጦ አመድ፣ አንድ የተሰበረ ሳህንና ልኩን፣ ማለትም ስንት ለስንት እንደሚደባለቅ፣ ቢልኩልኝ ይበቃኛል። ያለዚህ በጁን ፈታኞች ፊት የምቆመው ባዶ እጄን ነው። ባርኔጣው በመንገድ ላይ ነው።

ዳቦዬን ስለሚጠብቁልኝ አመሰግናለሁ።

ኦይዲን

---

ሶይቦይ
ኖቬምበር 20፣ 1983

ለኦይዲን፣ ዕውቀትሽ ይብዛ፣ የሚያውቅልሽም ይብዛ፣

የዘገየሁት በጥጥ ለቀማ ምክንያት ነው። ጥጡ ያለቀው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የዘገየሁት በሌላ ምክንያት ነው።

ባርኔጣው ደረሰ። አባትሽ ራሱ ላይ አድርጎ «ልጄ ላከችልኝ» እያለ ገበያውን ዞረው። እኔም ለማን እንደተላከ አልተናገርኩም፣ እሱም አልጠየቀኝ።

የቅቡን ሥራ ባለፈው ወር መጨረሻ አካሄድን። ቁጥቋጦውን ከበረሃ በጭነት መኪና አምጥተን ጉድጓድ ውስጥ አቃጠልን፤ አመዱ ቀልጦ ድንጋይ ሆነ። እንደ ልማዱ በሩ ተዘጋ፤ ውስጥ የቀረነው አባትሽና እኔ ነን። እናትሽም እንደ ልማዷ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀጭን የስንዴ አጥሚት አመጣች። ጨው የለውም። በየዓመቱ ጨው የለውም፤ እኔም በየዓመቱ ስለ አክብሮት እጠጣዋለሁ። አባትሽ ጠጥቼ እስክጨርስ ያየኛል። ምግብ የሚበላ ሰው አይቶ የማያውቅ ይመስላል።

አመዱንና ስብርባሪውን በዚህ ጥቅል ልኬያለሁ። ልኩ፦ ሦስት ሳህን አመድ ለአንድ ሳህን የተፈጨ ነጭ ጠጠር፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እሳት። ይህን ለሰው አታሳዪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትመረቂ እዚያው ትቀሪያለሽ አይደል? ሳይቤሪያ የተማረ ሰው ይቸግራታል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺን ከሳይቤሪያ መንጠቅ ግፍ ይመስለኛል።

ሱናት

---

ቶምስክ
ጃንዋሪ 11፣ 1984

ሱናት፣

በላክህልኝ ልክ ሦስት ጊዜ ሠራሁ። ከምድጃ ሲወጣ መስታወት ይመስላል። ልፈጨው ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ጠዋት ስመጣ ሟሙቶ ጠፍቷል። እጄን ከተትኩበት፤ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ቬራ ኢግናትየቭና መነጽሯን አውልቃ ብርጭቆውን አየችና፣ በትምህርት ክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ስለዚህ የአባትሽ ሳህኖች ሾርባ ሲገባባቸው አብረው ይጠጣሉ» አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ስትቀና አውቅሃለሁ። ደብዳቤዬ ለአባቴ ጮክ ብሎ ሲነበብ ወጥተህ ማገዶ እንደምትፈልጥ እናቴ ጽፋልኛለች። ማገዶው ሞልቶ ተርፏል ብላለች። ቅናትህን ግን በሳህን ሰፍረህ ትልክልኛለህ ብዬ አላሰብኩም። ከአባቴ ጎን ያለውን ቦታ ወሰድክ፣ ዕድሜ ልኬን የቆምኩበትን በር ወሰድክ፤ አንድ እውነተኛ ቁጥር ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?

ፈተናዬ ጁን 5 ነው። ስለ ፈታኞቹ እኔ አስባለሁ፤ አንተ ስለ መቀነትህ አስብ።

ኦይዲን

---

ሶይቦይ
ማርች 2፣ 1984

ኦይዲን፣

«እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆኛለሁ። በሦስት ዓመት እበልጥሻለሁ፤ ቢሆንም ያ ደብዳቤ በ«እርስዎ» ተጽፎ ቢሆን አላምነውም ነበር።

አምስት ሳምንት ስለ መልሱ አሰብኩ። መልሱ አጭር ነው። ልኩን አላውቀውም።

አባትሽ ሲለካ ጀርባውን ይሰጠኛል። ትከሻው ሰፊ ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። በሰባት ዓመት ያየሁት ኮቱን ነው፤ ስለ ኮቱ ከጠየቅሽኝ ስፌቱን ሳይቀር እነግርሻለሁ። ለምድጃው ምን ያህል እንጨት፣ ለጭቃው ምን ያህል ውሃ፣ ያን አውቃለሁ። ስለ ቅቡ ግን ከአንቺ በላይ የማውቀው የበሩን የውስጥ ገጽ ብቻ ነው። «ሦስት ለአንድ» ያልኩት ሦስት ቁጥር ደስ ስለሚለኝ ነው።

ማገዶውም እውነት ነው። በአሥራ አራት ዓመቴ አባቴ ሲሞት ትምህርት አቋረጥኩ። አባትሽ ያንቺን ደብዳቤ ሲያነብ «ኳንተም» የምትለዋን ቃል ሁለቴ ይላታል፤ እንዴት እንደምትባል ስለማያውቅ አንዴ በአንድ መንገድ አንዴ በሌላ። እኔ ውጭ ሆኜ ሁለቱንም እሰማለሁ።

የጸደይ ሳህኔ ሜይ ላይ ነው። እኔም ባዶ እጄን ነኝ።

ሱናት

---

ቶምስክ
ማርች 17፣ 1984

ሱናት አካ፣

ደብዳቤህን ዶርም ውስጥ አንብቤ ስስቅ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ሰው የሞተብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። ይቅር በለኝ፤ «አንተ» ማለቱን ግን ልተወው አልቻልኩም፣ ለመደብኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የማልፈልገው ሳይንስ ውስጥ በአንተ ቅናት ሮጫለሁ። አንተ ደግሞ ኮት ታይ ነበር።

አሁን በእናቴ ስም ዝም ብለህ ስማኝ። የላክህልኝን ስብርባሪ ፈጭቼ በአሲድ አሟሟሁት፤ በነበልባል ቀለም ሶዲየሙን፣ ፖታስየሙን ለካሁ፤ ሌላውንም እንደ ደንቡ አንድ በአንድ ለየሁት። ልኩን ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሬ አገኘሁት። አንድ ሳህን አመድ ለአንድ ሳህን ጠጠር፤ ጠጠሩ ትንሽ ይበልጣል። አቅልጬ፣ አቀዝቅዤ፣ ፈጭቼ አየሁት፤ ውሃ አያሟሟውም፣ ቀለሙም የአባቴ ሰማያዊ ነው። ልኩ ይኸው፣ በነጻ። ለሰው አታሳይ።

ግን ሸክላው ላይ አልያዘም። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ ሸክላው ላይ ስቀባው፣ ሲደርቅ እንደ አሮጌ ግድግዳ ይላጣል። ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ምድጃ ሳይገባ ረገፈ። ስብርባሪው ውስጥ ያለውን ሁሉ አግኝቻለሁ። የቀረ ንጥረ ነገር የለም። ቬራ ኢግናትየቭና «አባትሽ ምን ይላል?» አለችኝ። አባቴን በደብዳቤ ልጠይቀው አሰብኩና፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ የሰማሁትን መልስ ድጋሚ መስማት አልፈለግሁም።

በዚያ ቀን ወደ ሥራ ቤቱ የገባውን ሁሉ ዘርዝረህ ጻፍልኝ። ሁሉንም፤ ድመትም ብትሆን።

ኦይዲን

---

ሶይቦይ
ኤፕሪል 3፣ 1984

ኦይዲን፣ እጅሽ ይባረክ፣

ያንቺን ልክ ደብዳቤው ላይ ሳነበው አባትሽ አጠገቤ ሻይ ይጠጣ ነበር። የሰባት ዓመት ኮት ከፊቴ ሲወልቅ ተሰማኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማኝ፤ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀሽ እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ያላየሁትን ማየትሽ። ማገዶ ለመፍለጥ ወጣሁ።

በዚያ ቀን የገባው ይህ ነው። የአመድ ድንጋይ። ነጭ ጠጠር። ከድሮ ሽቦ የተቃጠለ መዳብ። ሁለት ባልዲ የወንዝ ውሃ። የእጅ ወፍጮው። ድመት አልገባችም። አባትሽ በሩ ላይ ቆሞ ጸለየ፤ ጸሎት ከቆጠርሽ ቁጠሪው። እናትሽ ያመጣችው አጥሚት ምሳዬ ስለሆነ አይቆጠርም። እኔ ጠጥቼ ስጨርስ አባትሽ ራሱ ወጥቶ ሌላ ሳህን አጥሚት ያመጣል፤ እሱ ምሳውን ለብቻው ሳይወድ አይቀርም። ሲጠጣው ግን አይቼው አላውቅም።

ሌላ የገባ የለም።

ሱናት

---

ቶምስክ
ኤፕሪል 21፣ 1984

ሱናት አካ፣

ምሳህ አልነበረም። ሰባት ዓመት የጠጣኸው ቅቡን ነው።

ዱቄቱን ሸክላው ላይ የሚያጣብቀው አጥሚቱ ነው። ደብዳቤህ በደረሰበት ቀን ከዶርሙ ወጥ ቤት አንድ ጭልፋ ዱቄት ለምኜ፣ ጨው ሳልጨምር አፍልቼ፣ ከቅቡ ጋር ደባለቅሁት። ሠላሳ ሁለተኛው ሸክላ አልተላጠም። ምድጃ ገብቶ ሲወጣ የአባቴ ሳህን ብቻ ያለው ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አጥሚቱ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ለዚህ ነው ስብርባሪው ላይ የትኛውም መሣሪያ የማያገኘው። አምስት ዓመት የተማርኩት፣ አንድ ነገር ከተሠራ በኋላ የቀረውን መለየት ነው። ሥራውን ሠርቶ የጠፋውን የሚለይ መሣሪያ የለንም።

ልጅ ሆኜ ያንን ሳህን እናቴ ይዛ ስትሄድ በየዓመቱ አየው ነበር። የአባቴ ምሳ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። አንተ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ ሁለታችንም አንድ ስሕተት። እናቴ ግን ሁልጊዜ በእጇ ይዛው ነበር፤ ማንም አልቀናባትም።

የመመረቂያ ጽሑፌን በደንብ ከተከላከልኩ መንግሥት የሚመድበኝን የሥራ ቦታ እኔ ነኝ የምመርጠው። ቅጹ ላይ ሶይቦይ ብዬ ጽፌያለሁ። በአካባቢው ያለው የሸክላ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፤ በመኸር ደግሞ ያ በር ሲዘጋ ከውስጥ መቆም እፈልጋለሁ። ሳይቤሪያ ትቻላታለች፤ አትዘንላት።

ኦይዲን

---

ሶይቦይ
ሜይ 16፣ 1984

ለኦይዲን፣

ሳህኔ ወጣ። ሰማያዊ ነው። አባትሽ በጥፍሩ አንኳኳው፣ ድምፁን ሰማ፣ ወደ ብርሃን አዞረው። «አጥሚቱን ምን አደረግኸው?» አለኝ። ቅቡ ውስጥ ጨመርኩት አልኩት። ሳህኑን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«ጨው የሌለው አጥሚት ሰባት ዓመት ስትጠጣ» አለኝ፣ «ለምንድን ነው ጨው የሌለው ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

አላውቅም። ልኩንስ? ልኩንም ጠይቄው አላውቅም። ጀርባውን ያዞረው ወፍጮው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው አለ። ስለ አንቺም አነሣሁለት። የያኔው መልስ ስለ ሳንባሽ እንጂ ስለ ምስጢር አልነበረም፤ «ድጋሚ ብትጠይቀኝ ኖሮ በፎጣ አፏን አስሬ አስገባት ነበር» አለ። ይህን ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ትንሽ ግን ደስ ብሎኛል፤ ሁለታችንም እኩል ስለሆንን።

እሑድ መቀነቱን አስታጠቀኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ከዚያ አባትሽ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ አንቺ ተናገረ። መቀነቱ እኔ ወገብ ላይ ነበር፤ ንግግሩ ግን ቶምስክ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ተነሥቶ ኬሚስትሪ ስንት እንደቀራት ጠየቀ።

ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ አውቶቡሱም አይታመንም። ለአንቺ አስቤ ነው።

ኡስታ ሱናት

---

ቶምስክ
ጁን 6፣ 1984

ለኡስታ ሱናት፣ መቀነትህ አይላላ፣

«እጅግ ጥሩ» አገኘሁ። ከፈታኞቹ አንዱ ስለ አጥሚቱ ምንጭ ጠየቀኝ፤ «የሥራ ቤቱ ባልደረባ የግል ምልከታ» ብያለሁ። ስምህ በገጽ አርባ አንድ ግርጌ አለ። አባቴ ግማሽ ሰዓት ስለ እኔ ሲናገር ቀናህ፤ እኔ ደግሞ መቀነቱን ሳስብ ሌሊቱን አልተኛሁም። በዚህም እኩል ነን እንበል።

ጁላይ 5 ከባቡር እወርዳለሁ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች፤ ዳቦዬን ከምስማሩ አውርጄ ሰው ፊት ሻይ ውስጥ እየነከርኩ እንድበላ። አምስት ዓመት የደረቀ ነው፤ ጥርሴን ይጠብቅልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ያቺን ንክሻ አስቤ ያላለፈ ክረምት የለም። ቦታዬን ይዛልኛለች እላለሁ። ሌላው ሁሉ ያንተ ሆነ፤ እሷ የእኔ ናት።

ኦይዲን

---

ሶይቦይ
ጁን 18፣ 1984

ለኦይዲን፣ መንገድሽ የተቃና ይሁን፣

እንኳን ደስ ያለሽ። አባትሽ ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበበ፤ እኔ አራቱንም ጊዜ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። በአራተኛው ጊዜ ገጽ አርባ አንድ የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ባርኔጣውን መለሰልኝ። ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ነው፤ አድርጌዋለሁ።

ሥራ ቤቱ ውስጥ ከወፍጮው በስተቀኝ ለአንቺ ቦታ ጠርጌያለሁ። ከዚያ የአባትሽ ጀርባ አይጋርድም። አፍሽን የምታስሪበትን ፎጣ እናትሽ አጥባዋለች።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳትመጪ። በሁለተኛው ክረምት አይጥ ዳቦሽን በላው። ጠዋት ቀድሜ የተነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ ምስማሩ ላይ የቀረው ቁራጭ የጣት ጥፍር አይሞላም። እናትሽ ብታየው ሞተሻል ብላ ታለቅስ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከተጋገረው አንዱን ወስጄ ሰቀልኩ። ንክሻ ያስፈልገው ነበር፤ ነከስኩት። ጥርሳችን ከአንድ አያት ነው፤ የለየው የለም። ስለ እናትሽ ብዬ ብቻ ነው ብል ሐሰት ይሆናል፤ የእኔ የሆነ ነገር ተሰቅሎ ሲታይ እንዴት እንደሆነም ማወቅ ፈልጌ ነበር። እናትሽ ዓርብ ዓርብ ታራግፈዋለች፣ እንግዳ ያየዋል፣ «የሄደው በሰላም ይመለስ» ይሉለታል።

እኔ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ከሶይቦይ ርቄ የሄድኩት ኮካንድ ድረስ ነው፤ እሱንም በዚያው ቀን ተመልሻለሁ። ከምስማሩ እስከ ፍራሼ አሥራ አንድ እርምጃ ነው።

ሱናት